ከአልጋዬ ሥር የነበረው ሞተር

ከበሩ እስከ አልጋው አምስት እርምጃ ነው። መጀመሪያ በቀን አንዴ እቆጥረው ነበር። በኋላ ልጄን አቅፌ እየተመላለስኩ ስቆጥር ቁጥሩ ይጠፋኝና እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። ስድስተኛ እርምጃ ቢጨመርልኝ ምን እንደማደርግበት አላውቅም፤ ግን የዚያን ጊዜ ከምንም ነገር በላይ የፈለግሁት እሱን ነበር።

ቤቱ ቤት አልነበረም፤ መኪና ነበር። ከፊት መሪና የሹፌር ወንበር፣ ከኋላ አልጋ፣ በመካከል አንዲት የእጅ መታጠቢያና ታጣፊ ጠረጴዛ ያለው፣ ፈረንጅ አገር ላገር እየዞረ የሚያድርበት አሮጌ መኪና። ከአገር ቤት ወጥተን በገባንባት ከተማ፣ በፔታ ቲክቫ፣ ሁሉም ካራቫን ይለዋል። የቆመው ማሃኔ የሁዳ ሰፈር፣ እኛ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በምንኖርበት ሕንፃ ጓሮ ነው። ባለቤቱ ምድር ቤት የሚኖሩ ሩማንያዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ባሌ የሚሠራው እሳቸው ጋራዥ ውስጥ ነበር። ከሚስታቸው ጋር አገር ሊያዩበት ከአንድ ቱሪስት ገዝተውት፣ ሚስትየዋ አንድ ጉዞ እንኳ ሳይሄዱበት ሞቱባቸው። ከዚያ ወዲህ መኪናው ጎማው ተንፍሶ፣ ጣራው የባሕር ዛፍ ቅጠል ለብሶ እዚያው ቀረ።

እኔ እዚያ የገባሁት ስለወለድኩ ነው። በእኛ፣ በኦሪት ሕግ፣ የወለደች ሴት ከቤቷ ትወጣለች። ወንድ ከወለደች አርባ ቀን፣ ሴት ከወለደች ሰማንያ ቀን ከመንደሩ ዳር ባለው ጎጆ ትቀመጣለች። ጎጆው ዙሪያውን በድንጋይ ይከበባል፤ ምግቧን አምጥተው ድንጋዩ ላይ ያስቀምጡላታል እንጂ ከእጅ ወደ እጅ አይቀባበሉም። ቀኗ ሲሞላ ልብሷን አጥባ፣ ገላዋን በወንዝ ታጥባ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

እዚህ አገር ግን መንደሩ ፎቅ ነው። ጎጆ የሚተከልበት ዳርቻ የለም። አንዷ በረንዳ ላይ ተቀመጠች ይባላል፣ ሌላዋ ክፍሏን በመጋረጃ ከፈለች ይባላል። አዲስ ገቢዎችን ከሚረዳው መሥሪያ ቤት የሚመጡት ሴቶች ደግሞ ይህን ነገር አሁን ተዉት፣ እዚህ የለም ይሉናል። አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ይህን ሲሰሙ ለሴቶቹ ሻይ ቀዱላቸው፤ ከሄዱ በኋላ ግን ወደ እኔ ዞረው፣ «እነሱ ትተውት ይሆናል። እኛ ያን ሁሉ በረሃ ያቋረጥነው ልንተወው ነው እንዴ?» አሉ።

እኔስ? እውነቱን ልናገር፤ አገር ቤት ያን ጎጆ እወደው ነበር። ሴቶች እንሰበሰባለን፣ ውሃ ቅጂ የለ፣ እህል ፍጪ የለ፣ ወንዶቹን እንደልባችን እናማለን። ጎጆው የሚታወቀኝ በሳቅ ነው። ፔታ ቲክቫ ላይ ግን የጎጆው ሕግ ብቻ መጣና ሴቶቹ ቀሩ። አንዷ ፋብሪካ፣ አንዷ ጽዳት፣ አንዷ ኡልፓን በሚባለው የዕብራይስጥ ትምህርት ቤት ቋንቋ ስትማር ትውላለች። እኔ ብቻዬን አምስት እርምጃ ውስጥ ቀረሁ።

የመጀመሪያ ልጄን መንገድ ላይ ቀብሬዋለሁ። ከዚህ በላይ ስለሱ አልጽፍም። ይህችኛዋ ከቀኗ ቀድማ፣ አንሳ፣ ክንዴን የማታክል ሆና ተወለደች። ሆስፒታል ያለችው ነርስ በአስተርጓሚ የነገረችኝ አንድ ነገር ነው፤ «ብርድ እንዳይነካት። ከሁሉ በፊት ሙቀት።» ያን ቃል እንደ ጸሎት ይዤው ወጣሁ።

መኪናውን ቦታው ላይ ያቆሙት እኔ ከመውለዴ በፊት ስድስት ወንዶች ናቸው። አማቴ በሩ ወደ ሕንፃው መስኮቶች እንዳይዞር አዘዙ፤ ባሌ በመስኮቱ በኩል ቆሞ ስለሚጸልይ አራስ ቤት ፊት ለፊቱ መሆን የለበትም። ስለዚህ በሩን ወደ አጥሩ አዙረው፣ ሌላውን ጎን መስኮት ከሌለው የሕንፃው ግድግዳ ጋር ሊያጣብቁት ሆነ። ጎማው የተነፈሰ መኪና መግፋት ምን እንደሚመስል የገፋ ያውቀዋል። አማቴ ግን አልረኩም። «ትንሽ ይቀረዋል፣ አሁንም ይጠጋ» ይላሉ፤ አላፊ አግዳሚ በዚያ በኩል አልፎ ሳያውቅ እንዳይነካው ፈርተዋል። በመጨረሻው ግፊት ከመኪናው ጎን አንድ ነገር ቋ አለ። ወንዶቹ ሳቁ። አንዱ «አጥንቱ ነው፣ አርጅቷል» አለ። እኔም ሆዴን ይዤ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ስቄያለሁ።

ከዚያ አማቴ ሕንፃ ከሚሠራበት ቦታ ድንጋይ በከረጢት አምጥተው፣ አስፋልቱ ላይ በበሩ ፊት በግማሽ ክብ ደረደሩት። አሥራ አንድ ድንጋይ ነው። እያንዳንዱን አውቀዋለሁ፤ አንዱ ላይ ሲሚንቶ ተጣብቆበት ነበር፣ ሳህኔ የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው። ምች እንዳይመታኝ ብለው ደግሞ የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በጨርቅ ጠቀጠቁት።

ፔታ ቲክቫ ብርድ የለም የሚል ሰው ጥር ላይ በቆርቆሮ ውስጥ አራስ ሆኖ ይየው። ሽማግሌው መጀመሪያ የላምባ ምድጃ ሊሰጡን ነበር። አማቴ አንገታቸውን ነቀነቁ። አገራችን ላይ ከሰል አቀጣጥሎ፣ በር ዘግቶ የተኛ ሰው ጠዋት እንደማይነሣ የማያውቅ የለም። «እሳት ከአራስ ጋር አይዘጋም» አሉ፤ ሁላችንም ትክክል ነው አልን። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ መጣ። ጭስ የለው፣ ነበልባል የለው፤ ሁለት የሚቀላ ሽቦ ብቻ ነው። አማቴ በበሩ አይተውት «እሳት የሌለው ሙቀት፣ ተመስገን» አሉ።

ገመዱን ከሽማግሌው መስኮት ስበን ሞከርነው። ማሞቂያው ሲበራ የሳቸው ቤት ይጨልማል። ፊውዛቸው ሦስት ጊዜ ከተቃጠለ በኋላ ግንባራቸውን መታ አድርገው፣ መኪናው የራሱ ጌኔራቶር፣ መብራት የሚሰጥ ሞተር፣ አለው እኮ አሉ። ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ ውስጥ መግባት አይችሉም፤ በበሩ እጃቸውን ሰድደው አንዲት ጥቁር ቁልፍ ተጫኑ። ከአልጋው ሥር አንድ ነገር አጉረመረመ፣ ሁለቴ ሳለ፣ ከዚያ ተነሣ። መብራት በራ። ሽማግሌው ሠርግ ቤት እንዳለ ሰው አጨበጨቡ።

ልጄን ይዤ ስገባ እንግዲህ ሙቀት ጠበቀኝ። የሌሊቱን ብርድ እንዲያባርርልን ማታና ጠዋት ሞተሩን እያስነሣሁ፣ እሷን ደረቴ ላይ አድርጌ እተኛለሁ። ከፍራሹ ሥር ሞተሩ ያንቀጠቅጠናል። ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፤ ግን ፔታ ቲክቫ ከገባሁ ጀምሮ ቤንዚን ያልሸተተኝ ነገር የለም፣ የባሌም ልብስ ያው ነው። ራሴን ያመኝ ነበር። አማቴ የአራስ ራስ ምታት ነው፣ ደም ስለፈሰሰሽ ነው አሉ። ያሉትን አመንኩ።

ልጄ ደግሞ ዝምተኛ ሆነች። ትተኛለች፣ ትንሽ ትጠባለች፣ ትተኛለች። ከጎረቤቷ ከተማ ከጊቫት ሽሙኤል በእግራቸው የመጡ ዘመዶች ከድንጋዩ ማዶ ቆመው በበሩ አይተዋት «ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ናት፣ ከንፈሯ ቀልቶ እንዴት ታምራለች» ብለው ሄዱ። በልጄ ኮራሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ዓርብ ፀሐይ ሳትገባ ሞተሩን አጠፋለሁ። በእኛ ወግ ሰንበት እሳት አይነድም፤ ቀድሞ የተለኮሰውም ይጠፋል። የመጀመሪያዋ ሰንበት ብርዷን ፈርቼ እንደተገነዘ ሰው ልጄን ጠቀለልኳት። ጠዋት ላይ ግን በጩኸት ቀሰቀሰችኝ። ጡቴን እስኪያመኝ ጠባች፣ ዓይኗን ከፍታ አየችኝ፣ እግሯን ወረወረች። የእኔም ራስ ምታት ለቀቀኝ። በሁለተኛዋም ሰንበት እንዲሁ፣ በሦስተኛዋም እንዲሁ። እሑድ ሲሆን ተመልሳ ዝም ትላለች። ለአማቴ ስነግራቸው እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «ሰንበት ናት የምታማልድላት» አሉና አለቀሱ። እኔም አብሬ አለቀስኩ። አሁን ሳስበው ንዴቴ መልሶ ይመጣል። ምልክቱ በየሳምንቱ ይሰጠን ነበር፤ እኛ ምስጋና አቅርበንበት መልሰን ሞተሩን እናስነሣለን።

በአራተኛው ሳምንት ሞተሩ መታመም ጀመረ። ይነሣል፣ ሩብ ሰዓት ይሠራል፣ ይንገዳገድና ይጠፋል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጭራሽ ቁልፉን ብጫን የሚያቃስት ብቻ ሆነ። ልጄ ማኅፀን ውስጥ እንዳለች በብርድ ተኮማተረች፤ ነርሷ ያለችው ትዝ አለኝ። ባሌን ከጋራዥ ጠሩልኝ።

ባሌ አገር ቤት የወፍጮ ሞተር የሚያስነሣ ሰው ነበር፤ ያን አሮጌ ዲዝል አስነሥቶ ሦስት መንደር አስፈጭቷል። ሞተር አያስፈራውም። የሚያስፈራው እናቱን ማስቀየም ነው። ዳቦ ሲቆርስ እንኳ «እምዬ፣ ልቁረሰው?» ይላል። መጥቶ ከድንጋዮቹ ማዶ ቆመ። የሞተሩ በር ከውጭ ነው፤ ሽማግሌው እንዳሳዩት በዚያኛው ጎን፣ ከግድግዳው ጋር በተጣበቀው በኩል። ባሌ እጁን ሊያስገባ ሞከረ፤ ከክርኑ አላለፈም።

ሽማግሌው ሌላ መንገድ አለ አሉ። ከአልጋው ሥር፣ ከፍራሹ ስር ሣንቃ አለ፤ አራት ብሎን ተፈትቶ ሲነሣ ሞተሩ ይታያል።

ባሌ፣ እናቱና ሽማግሌው ተያዩ። ሽማግሌው ጉልበታቸው አይታጠፍም፤ ቢታጠፍስ ባዕድ ወንድ አራስ ቤት እንዴት ይገባል? ባሌ ከገባ ረከሰ። አማቴም እንደዚያው። መኪናውን ከግድግዳው እንዳያስለቅቁት ገፊዎቹ የሚገኙት ዓርብ ከሥራ ሲወጡ ነው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው፤ ምን እንደሚሉ አውቄዋለሁ።

«ካቻቢቴ መያዝ ትችያለሽ?» አለኝ ባሌ።

ሳቄ መጣ። የአንጥረኛ ልጅ ነኝ። ማጭድና ማረሻ ሲቀጠቀጥ የአባቴን ወናፍ እየነፋሁ ነው ያደግሁት። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አልኩና ካቻቢቴውን ሲሚንቶ ያለበት ድንጋይ ላይ እንዲያስቀምጥልኝ ነገርኩት። አስቀመጠ፤ ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ሄደ፤ አነሣሁት።

ልጄን የሹፌሩ ወንበር ላይ አስተኝቼ ፍራሹን ወደ ግድግዳ አቆምኩት። ገና ስፌቴ አልዳነም። ሦስቱ ብሎኖች እሺ አሉ፣ አራተኛው ዝጎ እንቢ አለ። ልብስ ማጠቢያ ሳሙና ቀብቼ፣ አቃስቼ፣ ተሳድቤ ፈታሁት። ሣንቃውን ሳነሣው የሞተሩ ትኩሳት ፊቴን መታኝ። ብዙም ትልቅ አይደለም፤ የተኛ በግ ያክላል። ባሌ ከውጭ ይጮህልኛል፣ እኔ ከውስጥ እመልስለታለሁ።

«ወፍራም ጥቁር ሽቦ ታያለሽ?»

«አያለሁ።»

«ጫፉን ንቀይው። ከሥሩ ካንዴላ አለ፤ እሳቱን የሚሰጠው እሱ ነው። ድንጋዩ ላይ ባስቀመጥኩልሽ መፍቻ ፍቺና አምጪው።»

ፈትቼ ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩለት። እዚህ ላይ ሌላ ችግር መጣ። ከአራስ ቤት የወጣ ዕቃ በውሃ ሳይታጠብ አይነካም፤ ካንዴላ ደግሞ ውሃ ከነካው ምኑን ካንዴላ ሆነ? አማቴ «ብረት ነው፣ ውሃ ምን ያደርገዋል?» ይላሉ፤ ባሌ «እምዬ፣ ይበላሻል» ይላል። በመጨረሻ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ እንደሚሰግድ ሰው ጎንበስ ብሎ በዓይኑ መረመረው። ሽማግሌው ይህን ሲያዩ ጠየቁኝ በዓይናቸው፤ ምን ብዬ በየትኛው ዕብራይስጥ ላስረዳቸው?

«ጥላሸት በልቶታል» አለ ባሌ። «በሽቦ ፈግፍጊውና መልሺው።»

ፈገፈግሁት፣ መለስኩት፣ ቁልፉን ተጫንኩ። ተነሣ። ባሌ ከውጭ «በሰደር፣ ደህና ነው» አለ፣ ሽማግሌው አጨበጨቡ። ሣንቃውን ገጥሜ፣ ፍራሹን አንጥፌ፣ ልጄን አቀፍኩና ከማሞቂያው ፊት ተቀመጥኩ። በራሴ እጅ ያመጣሁላት ሙቀት ነበርና ደስ ብሎኝ ነበር። እንዴት ደስ እንዳለኝ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ሐሙስ ሁለቴ ጠፋ። ሁለቴም ፍራሽ አነሣሁ፣ ብሎን ፈታሁ፣ ካንዴላ ፈገፈግሁ። ሁለቴም ካንዴላው ድስት እንደ ነካ ጨርቅ ጠቁሮ ወጣ። ባሌ ቤንዚኑን ጠረጠረ፤ ማጣሪያውን አስወልቆ አስታጠበኝ። ጀርባዬ ተቆረጠ። ማታ ላይ በሩን ከፍቼ፣ «በቃኝ። ልጄን ይዤ ላይ እወጣለሁ» አልኩ።

አማቴ ከድንጋዮቹ ማዶ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ሃምሳ ሦስት ቀን ቀረሽ ልጄ» አሉ። «ብትወጪ እኔ በዚያ ቤት እህል አልቀምስም። ሽማግሌ ሆኜ ወዴት እሄዳለሁ?» ባሌ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየና መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ። በሩን መልሼ ዘጋሁት። ማንም ከውጭ አልቆለፈብኝም። የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ በጣም የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ዓርብ ጠዋት ባሌ ወደ ሥራ ሳይሄድ መጣ። ሞተሩ ከንጋት ጀምሮ እየተንገዳገደም ቢሆን ሲሠራ ነበር፤ እሱ በደረሰበት ሰዓት ጠፋ። ራሴ ሊፈነዳ ነው፣ ማቅለሽለሽም ጀምሮኛል። ልጄን የሹፌሩ ወንበር ላይ አስተኝቼ ለአራተኛ ጊዜ ሣንቃውን አነሣሁ። ካንዴላው እንደ ልማዱ ጥቁር ነው።

ግን በዚያን ቀን የጠዋት ብርሃን ከኋላ በኩል ሽንቁር አግኝቶ ገባ፤ ሣንቃውንም ገልብጬ አስቀምጬው ነበር። አየሁት። ወደ ሞተሩ የሚዞረው የሣንቃው ጎን በጥላሸት ተለብጧል። እንጨቱን በጣቴ ነካሁት፤ የአባቴን ምድጃ ጣራ መሰለኝ። እሳት እዚያ አይነድም፤ ታዲያ ጥላሸቱ ከየት መጣ? እጄን ከሞተሩ ኋላ ሰደድኩ። ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣው ቱቦ ወደ ግድግዳው ይሄድና እዚያው ታጥፏል። ወንዶቹ ሲገፉ ቋ ያለው እሱ ነው። አፉ ግድግዳው ላይ ተደፍኖ፣ ክርኑ ተሰንጥቆ፣ ስንጥቁ ወደ እኔ አልጋ ተከፍቷል።

ወናፍ የነፋ ሰው እሳት እንዴት እንደሚተነፍስ ያውቃል። የሚያስገባው ትንፋሽ አለ፣ የሚያስወጣው አለ፤ አንዱን ከዘጋህበት ይሞታል። ሞተሩ የታመመው የገዛ ጭሱን እየዋጠ ነበር። የተረፈውን ደግሞ እኔና ልጄ ስንውጥ ከረምን። ሦስቱ ሰንበቶች በአንድ ጊዜ ትዝ አሉኝ፤ ጩኸቷ፣ ጡቴን የጎተተችው፣ ዓይኖቿ።

ዞሬ አነሣኋት። አንገቷ ወደ ኋላ ወደቀ። ጉንጯን መታሁት፤ አልነቃችም። ውስጥ እግሯን ቆነጠጥኩት፤ አልነቃችም። ከንፈሯ ያማረ ቀይ ነበር።

በሩን በእግሬ ነው የከፈትኩት። ደረጃው ላይ ወጥቼ ልጄን በሁለት እጄ ወደ ፊት ዘረጋሁ። ድንጋዮቹ ጋ ሳልደርስ ተንበረከክሁ። «ጭስ ነው፣ አፍኗታል፣ ተቀበለኝ» አልኩ።

ባሌ ከድንጋዩ ማዶ አንድ እርምጃ ላይ ቆሟል። በእጁ የብሎን መፍቻ ይዟል፣ ክንዱ እስከ ክርኑ በግሪስ ጠቁሯል። ፊቱን ዛሬም አየዋለሁ፤ የልጁ ነገር ገብቶታል፣ ደንግጧል፣ እንባው መጥቷል። ከዚያ አንገቱን ወደ ጎን አዞረ።

«እምዬ» አለ፣ «ልግባ?»

አማቴ የቁርሴን ሳህን ይዘው ነበር፤ ሲወድቅ ሰማሁት። እኚያ አሮጊት፣ ሕጉ እንዳይጣስ ድንጋዩን በከረጢት የተሸከሙት፣ ሲሚንቶ ያለበትን ድንጋይ በእግራቸው ገፍትረው ገቡና ልጄን ከእጄ ነጠቋት። ነጠላቸውን ጥለው፣ በብርዱ ላይ ገልጠው፣ ፊቷ ላይ እፍ አሉባት። ጀርባዋን አሹ። አፏን በአፋቸው ያዙ። «አንዱን በጀርባዬ አዝዬ ነው የሞተብኝ» ይላሉ ደጋግመው፤ ለእኔ ይሁን ለእግዚአብሔር አላውቅም። «እሷን አልሰጥም። እሷን አልሰጥም።»

ባሌ ያን ጊዜ ሮጠ። ሽማግሌውን ከነመኪናቸው አመጣቸው። ይህን ልክደው አልችልም፤ ያን ያህል ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። ከጓሮው ሳንወጣ ልጄ አንዴ ሳለች፤ ሆስፒታሉ በር ላይ ደግሞ አለቀሰች። 

ሐኪሙ የመረመረን ሁለታችንንም ነው። ጭሱ ደሟ ውስጥ ገብቷል፣ በሰዓቱ ደርሳችኋል አለ። ሰንበትን እዚያው አሳለፍን። አማቴ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰንበትን መብራት በርቶ አደሩባት። የነኩኝ ስለሆኑ ከእኔ እኩል ረክሰዋልና አንድ አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ተቀመጥን። የሳቸው ትከሻ ሙቀት ስንት ቀን ሰው ሳይነካኝ እንደቆየሁ አስታወሰኝ። ልጄ በመስተዋቱ ማዶ እግሯን ስትወረውር ጠቆም አደረጉኝና፣ «አየሽ፣ ሰንበት ናት» አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ «ሞተሩም ጠፍቶ ነው» አሉ።

የቀሩትን ቀናት የጨረስኩት ላይ፣ በትንሿ ክፍል ውስጥ ነው። በሯ ክፍት ነበር። አማቴ እህል ቀመሱ። ድንጋዮቹን ማን እንዳነሣቸው አላውቅም፤ ከሆስፒታል ስንመለስ አልነበሩም።

ልጄ ዛሬ የራሷ ልጆች አሏት። የምትወልደው ሆስፒታል፣ የምትታረሰው ቤቷ ነው፤ ስለ ካራቫኑ ስነግራት በዕብራይስጥ «እማ፣ ይህ ሊሆን አይችልም» ትለኛለች። አማቴን ቀብረናቸዋል። እኔና ባሌ አብረን አርጅተናል፤ ደግ ሰው ነው፣ ክፉ አላየሁበትም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳልጠይቀው፣ «ያን ቀን ልገባ ነበር፤ እምዬ ቀደመችኝ» አለኝ። ሊሆን ይችላል። በመካከላችን የነበረው አንድ እርምጃ ነው፤ እኔ ያን ሁሉ ቀን ስፈልገው የነበረው ስድስተኛው።

አሁንም መኝታ ቤት ሆኜ በሩ ተዘግቶ ካገኘው ሳያንኳኳ አያልፍም። «ልግባ?» ይላል። ግባ እለዋለሁ፤ ሁልጊዜም ግባ ነው የምለው። ግን ቃሉ ወዲያው አይወጣልኝም።